ሱሲላን ያስተነፈሱ እጆች

ጉሩናታም የሳሪ ነጋዴ ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በፕሮዳቱር ከተማ ገበያ ሱቁን የማያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ግን በሳሪው ብቻ ሳይሆን በሰሌዳውም ነው። ሰሌዳው ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ሼቲ» የሚል ነበረበት። እኛ ዘንድ ሼቲ የተባለ ሰው ከነጋዴዎቹ ወገን፣ ከኮማቲዎቹ፣ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ጉሩናታም በወጣትነቱ «ሰውን በዘሩ መለየት ይቅር» የሚሉ ሰዎች ማኅበር ገባና አንድ ቀን ከስብሰባ ሲመለስ መሰላል አቁሞ ሼቲን በነጭ ቀለም ደፈነው። ቀለሙ ርካሽ ስለነበር ዝናብ በጣለ ቁጥር ሼቲ ተመልሶ ብቅ ይላል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ጉሩናታም መሰላሉን ተሸክሞ ብቅ ይላል። እንዲህ ሲሳደዱ ስንት ክረምት አለፈ።

«ሼቲ ጋሩ!»፣ አቶ ሼቲ እንደማለት፣ ብሎ የተጣራ ደንበኛ መልስ አያገኝም። «እኔ ሰው ነኝ» ይላል ዞር እንኳ ሳይል። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው «ሰው ጋሩ፣ እንዴት አደሩ?» ይለው ጀመር፤ እሱም ቀልዱን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ «ደህና» ይላል። ደግ ስለሆነ ማንም አይጠላውም።

ታላቅ እህቱ ናጋራትናማ ግን አትምረውም። የሚስቱ የሱሲላ እናት እሷ ናት። አጎት የእህቱን ልጅ ማግባቱ የቆየ ወግ ስለሆነ በዚያ የሚደነቅ የለም፤ ናጋራትናማ የምትስቀው በሌላው ነው።

«ስምህን በቀለም ደፈንከው፣ ደግ አደረግህ» ትለዋለች። «ሚስትህንስ ከየት አመጣሃት? ከእኔ ጓዳ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ፍቅር ነው፣ እትዬ።»

«ፍቅር! በእቅፍ ሳለች የታጨችልህን!»

ያን ጊዜ ጉሩናታም አንድ ደንበኛ እየጠበቀው እንደሆነ ትዝ ይለውና ይወጣል።

ሱሲላን ሆዷን የቆረጣት አንድ ጠዋት ለልጆቿ ቁርስ ኢድሊ፣ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ፣ አቅርባ ስታበቃ ነው። መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፣ ቀጥሎ ጋደም አለች፣ ቀጥሎ ላብ አጠመቃት። ጉሩናታም ከሙን አፍልቶ አጠጣት፤ አልቆመም። በባለ ሦስት ጎማ ታክሲ ጭኖ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ክሊኒክ ወሰዳት። ዶክተር ሬዲ የተባለው ቀዶ ሐኪም ሆዷን በጣቱ ጫን ብሎ ለቀቅ ሲያደርግ ጮኸች።

«ትርፍ አንጀት ነው» አለ። «ሊፈነዳ ደርሷል። ሱጉናን ጥሩልኝ።»

ዶክተር ሱጉና ሰመመን የምትሰጠዋ ሐኪም ናት። ከክሊኒክ ክሊኒክ በስኩተር የምትዞር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷም አጭር ሴት። መጣችና በአንድ ትንፋሽ ጠየቀች። መቼ በላች? ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ያውቃል? አልስማማ ያላት መድኃኒት አለ? ከዘመዶቿ ሰመመን ወስዶ መንቃት ያስቸገረው አለ?

«ማታ ነው የበላችው» አለ ጉሩናታም፤ ለቀረው ሁሉ «የለም፣ የለም» አለ። ከቤተሰቡ ቢላዋ የነካው ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ወገናችሁስ ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ጉሩናታም ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል። ልጅ ሳለ የክፍሉ ልጆች «ኮማቲ፣ ሚዛን አጭበርባሪ» እያሉ እየዘፈኑ ቤቱ ድረስ ይከተሉት ነበር። ተነሳ፤ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ አስተካከለ።

«ሰው» አለ።

«እሱንማ እያየሁ ነው። ከየትኛው ሰው?»

«ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ቢላዋ ዘር ይለያል? ደሟ ቀይ ነው፤ አንጀቷም እንደ ማንም አንጀት ነው።»

«ቢላዋው የሬዲ ነው። እኔ የምጠይቀው ለመድኃኒቴ ነው። በዚህ አገር ሰመመን የምንሰጥ ሰዎች ይህን ሳንጠይቅ አንገባም፤ አንዳንድ መድኃኒት…»

«እንግዲያው መድኃኒቱም ይማር!» አለ ጉሩናታም፣ ድምፁ ኮሪደሩን ሞልቶት።

ዶክተር ሬዲ እጁን እየታጠበ ሳቀ። የእሱን ወገን ማንም አይጠይቀውም፤ ሬዲ ማለት ራሱ የገበሬ ባላባቶቹ ወገን ስም ነው። «ተዪው ሱጉና፣ ማኅበር ያስገባሻል። ይልቅ አንጀቱ ሳይፈነዳ ቶሎ በይ።»

ሱሲላ ከቃሬዛው ላይ ቀና ለማለት ሞከረች። «የልጆቹ አባት…» አለች። የባሏን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም፤ የወጉ ነው።

«አይዞሽ፣ አትልፊ። እኔ እመልሳለሁ» አለና እጇን ጨበጥ አደረገ።

ሱጉና የታማሚዋን ስም አየች። ጉሩናታም ያጻፈው «ሱሲላ ራኦ» ብሎ ነበር፤ ራኦን የመረጠው ከየወገኑ ያለ ሰው ስለሚጠራበትና ስለ ዘር ምንም ስለማይናገር ነው። «ራኦ» አለች ሱጉና ለራሷ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ። ቃሬዛው ተገፋ፣ በሩ ተዘጋ።

ጉሩናታም አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያደረገውን ንግግር በልቡ ደገመው። «መድኃኒቱም ይማር» የምትለዋን በተለይ ወደዳት። የሚመጣው ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚያወራትም አሰበ፤ ጭብጨባው ሁሉ ተሰማው። ከዚያ ዶክተር ሬዲ ወጣ። በትንሽ የብረት ሳህን ያበጠ ትል የሚመስል ነገር ይዟል።

«ይኸው ጉደኛው» አለ። «ሳይፈነዳ ደረስንበት። ቁስሏንም ዘግቻለሁ።»

«ነቃች?»

ሬዲ ሳህኑን አየ። «የእኔ ሥራ አልቋል» አለ። ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልነበረም።

ጉሩናታም ይህን ሳቅ የት እንደጣለው ሊጠይቀው ሲል ሱጉና ወጣች። ጭምብሏን አገጯ ሥር አውርዳለች፤ ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ከውጭ የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

«ጉሩናታም ጋሩ፣ ይቀመጡ።»

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ልቧ እንደ ከበሮ ይመታል። ግን አትተነፍስም። ገና ስንጀምር ቱቦ ጉሮሮዋ እንዲገባ ብዬ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሰጠኋት። ሰው ሁሉ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል። እሷን አለቀቃትም። እስካሁን የምትተነፍሰው በእጃችን ነው፤ የጎማ ፊኛ እየጨመቅን አየሩን እናስገባላታለን። እጃችንን ካነሳን ያበቃል።»

ጉሩናታም ወደ በሩ ተራመደ፤ ሱጉና መንገዱን ዘጋችበት።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፣ ስብከት አልፈልግም» አለች። «ምናልባት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ ወደ ካዳፓ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ መሄድ አለባት፤ መኪናው ተነስቷል። መንገዱን ያውቁታል። በዚያ ጉድጓድ ላይ እየተንገጫገጭን ቱቦው ቢወጣ መንገድ ላይ እናጣታለን። ወይም ምንም የፈሰሰ ነገር የለም፤ ያልለቀቃት መድኃኒቴ ነው። እንደዚያ ከሆነ ከዚህ ንቅንቅ አትልም፤ እያስተነፈስን እስኪለቃት እንጠብቃለን። ይህን የሚለይልኝ እርስዎ ነዎት። ኮማቲ ናችሁ?»

ቃሏን ስትናገር ንቀት አልነበረባትም። የሰውን የጫማ ቁጥር የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ጉሩናታም ያን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሲወረወርበት ነው፤ አንድ ሰው እንዲህ በእጁ ዘርግቶ ሲጠብቀው አይቶ አያውቅም።

«ነን» አለ።

«በአባቷም በእናቷም?»

«በሁለቱም። እናቷ እህቴ ናት።»

ሱጉና ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ «ሞተሩን አጥፋ!» ብላ ጮኸች። ሞተሩ ጠፋ።

«ጠዋት ቢነግሩኝ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ግድ የለም። እኔም ራኦ የሚለውን ማመን አልነበረብኝም።»

«ምንድን ነው በእኛ ላይ ያለው? በሽታ ነው?»

«በሽታ አይደለም። በሰው ደም ውስጥ ይህን መድኃኒት ሰባብሮ የሚጥል ነገር አለ። በእናንተ ውስጥ ያ ነገር የጎደለው ሰው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይበዛል፤ ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ሲገጥም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ይወልዳል፣ አርጅቶ ይሞታል፤ ምንም ነገር እንደጎደለው ሳያውቅ። ይህ መድኃኒት ካልነካው በቀር።»

«መድኃኒቱ መቼ ተሠራ?»

«በእናቴ ዕድሜ።»

«የእኛ ነገርስ?»

«እሱን እንግዲህ የወገናችሁን አምላክ፣ እመቤታችሁን ቫሳቪን ይጠይቋት» አለች ሱጉና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ እያለች፤ ወደ ውስጥም ተመለሰች።

ጉሩናታም ባለበት ቀረ። ጨውና በርበሬ በበሬ ጭነው ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ይወጡ የነበሩ፣ ስማቸውን የማያውቃቸው አያቶቹ መጡበት። ይህን ነገር በደማቸው ይዘው ስንት ወንዝ ተሻግረዋል፤ ለልጆቻቸው አውርሰዋል፤ ተድረውበታል፤ ማንም ልብ አላለውም። በሰሌዳው ላይ እሱ በቀለም ሲደፍነው የኖረው ሌላ ነበር፣ ይህ ሌላ። ይህ ድምፅ የለውም፣ አይከብድም፣ አይመርጥም። ተቀምጦ ሲጠብቅ የኖረው ደግሞ ገና ያልተፈጠረን መድኃኒት ነው። ጉሩናታም ራሱን ያዘ። በምንም ነገር አላምንም ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን እግሩ ሥር ያለው ወለል ጥልቅ ውኃ ሆኖበት ወደ ታች ሊያይ ፈራ።

ናጋራትናማ የልጇን የሚቀየር ልብስ በከረጢት ይዛ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ፊቱን አየችና ከረጢቱን ጣለች።

«ምን አደረግህ?»

«ሐኪሟ ወገናችንን ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።» የቀረውንም ነገራት።

እህቱ በሳሪዋ ጫፍ ትከሻውን ሾጠችው። ልጅ ሳለ በዚያው ትመታው ነበር። «ለአላፊ አግዳሚው ስትሰብክ ትውላለህ፤ ለሐኪም ጊዜ አፍህ ተዘጋ? ሰው ጋሩ! ሰው ከሆንክማ ልጄን መልስልኝ!» ከዚያ አግዳሚው ላይ ወደቀችና በእጇ አፏን ያዘች። «ከእኔ ነው ማለት ነው የወረሰችው? የሰጠኋት እኔ ነኝ?»

«ከአንቺም ከአባቷም ነው አለች። ማንም ፈልጎ የሰጠው የለም፣ እትዬ።»

«የአባቷ ይበዛል» አለች ናጋራትናማ እያለቀሰች። «እነሱ ቤት ድሮም ትንፋሽ የለም፤ ወሬ እንኳ ሲያወሩ በየመሀሉ ያርፋሉ።»

ጉሩናታም በዚያ ሰዓት ሳቅ እንዴት እንዳመለጠው አያውቅም። እህቱም እንባዋን እየጠረገች አብራው ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ደነገጡና ወደ ተዘጋው በር አዩ።

ቀኑ አጋደለ። በበሩ መስታወት አሾልቆ ሲያይ አንዴ ነርሷ፣ አንዴ ሱጉና፣ አንዴ ሬዲ ፊኛውን ይዘዋል። ሬዲን ሌላ ታማሚ ጠራው። ነርሷ እጇ ደንዝዞ ጣቶቿን ማጠፍ አቃታት። ጉሩናታም በሩን አንኳኳ።

«እኔ ልያዝላችሁ» አለ።

ሱጉና ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ያውቃሉ?»

«ቀኑን ሙሉ ሳሪ ስዘረጋና ስጠቀልል የምውል ሰው ነኝ። እጄ አይደክምም። ያሳዩኝ።»

እጁን እስከ ክርኑ አሳጠበችው፣ ካባ አለበሰችው፣ ቆብ ጫነችለት። ካባው አጭር ስለነበር ጉልበቱ ላይ ቀረ፤ ናጋራትናማ በመስታወቱ አይታው በሌላ ቀን ቢሆን ዓመት ሙሉ ትስቅበት ነበር።

ሱሲላ በጀርባዋ ተኝታለች። ዓይኖቿ በፕላስተር ተሸፍነዋል፣ ከአፏ ቱቦ ወጥቷል። እጇን ነካው፤ ይሞቃል። ሙቀቱ ነው ያስደነገጠው። ሁለመናዋ እዚያው ነው፣ ግን የዓይኗን ሽፋን እንኳ ማንቀሳቀስ አትችልም።

«ትሰማለች?»

«ትንሽ ትንሽ ሰመመን እየሰጠሁ አስተኝቻታለሁ። ነቅታ መንቀሳቀስ ከሚያቅታት ብትተኛ ይሻላል። አሁን ይያዙ። ይጭመቁ… ይልቀቁ። ፊኛውን አይዩ፣ ደረቷን ይዩ። አይቸኩሉ፤ እርስዎ ራስዎ ሲተነፍሱ እሷንም ያስተንፍሷት።»

ጨመቀ። የሱሲላ ደረት ከፍ አለ። ለቀቀ፤ ዝቅ አለ። ጉሩናታም እጁን አየ፣ ደረቷን አየ። ይህች ሴት ከጎኑ ተኝታ ስትተነፍስ ልጆቹ አድገዋል፤ አንድም ቀን ትንፋሿን ልብ ብሎ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር? አንድ እፍኝ አየር ነው። እሱ ከሌለ ግን ኢድሊውም፣ ኩርፊያውም፣ «የልጆቹ አባት» የምትለው ድምፅም የለም። ጨመቀ፣ ለቀቀ። ሳይታወቀው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ሱጉና።

«ምንም። እየቆጠርኩ ነው።»

«'በረከት፣ ሁለት፣ ሦስት' ነው የሚሉት።»

«የጨርቅ አለካካችን ነው» አለ ጉሩናታም አፍሮ። «አንድ አንልም። የመጀመሪያውን ክንድ በረከት ብለን ነው የምንጀምረው። አባቴም እንዲህ ነበር የሚለካው።»

«ጠዋት ወገን የለኝም ሲሉ ሰምቼ ነበር ልበል?»

«እስቲ አያስቁኝ፣ ዶክተር፤ ቁጥሩ ይሳሳትብኛል።»

በረከት፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥር ሲደርስ ወደ በረከት ይመለሳል። አልጸለየም፤ ጸሎት ቢያውቅ ይጸልይ ነበር። የሚያውቀው መለካት ስለሆነ ለካ። ሱጉና የሱሲላን የደም ሥር እየዳሰሰች፣ የዓይኗን ብሌን በባትሪ እያየች ዞረች። አንድ ጊዜ «ስንት ይቆያል?» ብሎ ጠየቃት። «አላውቅም» አለችው። «ስማር ሳለሁ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይቻለሁ፤ ያኔ ማሽን ነበረን። ማፍጠኛ መድኃኒት የለውም። ደሟ በራሱ ጊዜ ነው የሚጨርሰው።» መስኮቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቢጫ ሆነ።

ድንገት ጉሩናታም ደነገጠ።

«ዶክተር፣ አበላሸሁት! ሳልጨምቀው ፊኛው ሸሸ፤ ከመዳፌ ውስጥ ሸሸ።»

ሱጉና በአንድ እርምጃ አጠገቡ ደረሰች። «ይልቀቁት» አለች።

«ምን?»

«እጅዎን ያላሉ። አይጭመቁ።»

ያን ቀን ከታዘዘው ሁሉ የከበደው ይህ ነው። እጁን ክፍት አድርጎ፣ ፊኛውን መዳፉ ላይ አሳርፎ ቆመ። የሱሲላ ደረት አይንቀሳቀስም። ምንም የለም። ጣቶቹ በራሳቸው ሊታጠፉ ሲሉ ሱጉና የእጁን አንጓ ያዘችው። ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ገባ።

«ይጠብቁ።»

ጠበቀ። ደረቷ ዝም እንዳለ ነው። «እለምንዎታለሁ» አለ ጉሩናታም። «ይጠብቁ» አለች።

ፊኛው ሰረጎደ።

በጥቂቱ ነው፤ ሕፃን ጣት ሲስብ ያህል። ተመልሶ ሞላ። ቆየ። ደግሞ ሰረጎደ፣ አሁን ጠለቅ ብሎ፤ የሱሲላ የጎድን አጥንቶችም አብረውት ተነሡ። ማንም አልጨመቀም። ጉሩናታም መዳፉን አየ፤ የእሱ እጅ ምንም አላደረገም። ከወዲያ በኩል፣ ዝም ካለው ሰውነት ውስጥ፣ አንድ የማይታይ ነገር ተነስቶ አየሩን ከእጁ ወሰደው። ደግሞ ወሰደው። ማን ቀሰቀሰው? ማን ነገረው ጊዜው እንደደረሰ? መቁጠሩን አቁሞ ነበር፤ አሁን የሚቆጠረው የእሱ አይደለም።

ሱጉና የእጁን አንጓ ለቀቀችው። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ መነጽሯን በክሩ ጎትታ በካባዋ ጠረገችው። «ብዙ አይቻለሁ» አለች። «ትንፋሽ ሲመለስ ግን ባየሁ ቁጥር አዲስ ነው።»

ከዚህ በኋላ ሱሲላ እጇን አነሳች፣ ሲነግሯት ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች፤ ቱቦውን አወጡላት። ሳለች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ዙሪያዋን አየች። ባሏን በአጭሩ ካባና በቆቡ ስታይ ግራ ገባት።

«የልጆቹ አባት» አለች በሻከረ ድምፅ። «ምነው እንዲህ ሆኑ?»

ጉሩናታም ቆቡን አውልቆ እጇን ያዘ።

«ለሐኪሟ ኮማቲ ነን ልላት ነበር እኮ» አለች ሱሲላ። «እርስዎ አላስወራ አሉኝ።»

«ከእንግዲህ አንቺ ተናገሪ» አለ። «ሁልጊዜም አንቺ ተናገሪ።»

ሱጉና ነገሩን ገና አልጨረሰችም። ልጆቹ ደማቸው መመርመር አለበት አለች፤ የሱሲላ ወንድሞችና እህቶች፣ ናጋራትናማም፣ «እርስዎም ጭምር፣ ሰው ጋሩ። ከዛሬ ጀምሮ ሐኪም ቤት ስትገቡ ሳትጠየቁ የምትናገሩት ነገር ይህ ነው።» ጉሩናታም ራሱን ነቀነቀ። እጁ ሳያስበው ደረቱ ላይ ሄደ።

እህቱ ወደ ልጇ ስትገባ እሱ ወደ በረንዳው ወጣ። አውቶቡሱ ሰው እያራገፈ ነው። አንዱ ሻንጣ ተሸክሞ ያለከልካል። ሙዝ የምትሸጠዋ ሴት ከደንበኛዋ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ በቃልና በቃል መካከል አየር ትስባለች። ጎሽ የሚነዳው ሽማግሌ ያፏጫል፣ ጎሹም በአፍንጫው እፍ ይላል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ፊኛ የያዘለት አንድም ሰው የለም። ሁሉም በራሱ ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ማንም አይገረምም። ጉሩናታም ምሰሶውን ተደግፎ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ናጋራትናማ ልጇን አይታ፣ ፊቷ ቀልቶ መጣች። ከጎኑ ቆማ የሚያየውን ለማየት ሞከረች፤ ምንም የተለየ ነገር አላየችም።

«ምን ቆመህ ታፈጣለህ?»

ዞሮ እሷንም አፍጥጦ አያት። የሳሪዋ ጨርቅ ደረቷ ላይ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

«ትተነፍሻለሽ፣ እትዬ» አላት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ናጋራትናማ።